አምስቱ የካርቱም ጎሎች፦ አንድ ሪከርድ የስንት ሰው ነው?

የአፍሪካ ዋንጫ ከተጀመረበት ከ1957 ወዲህ በአንድ ጨዋታ ብቻውን አምስት ጎል ያገባ ተጫዋች አንድ ብቻ ነው። እሱም የኮትዲቯሩ (አይቮሪ ኮስት) አጥቂ ሎራን ፖኩ ነው። ዕለቱ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1970፣ በእኛ ደግሞ የካቲት 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ካርቱም። ታዲያ አምስቱ ጎሎች የተቆጠሩት በማን ላይ መሰላችሁ? በእኛው ቡድን ላይ! ኮትዲቯር ኢትዮጵያን 6 ለ 1 አሸነፈች፤ ከስድስቱ አምስቱ የፖኩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ኤቶ መጣ፣ ድሮግባ መጣ፣ ሳላህ መጣ። አንዳቸውም በአፍሪካ ዋንጫ ያንን ቁጥር አልደረሱበትም። ሪከርዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሟል፤ በቆመ ቁጥር ደግሞ የኢትዮጵያ ስም ከጎኑ አለ።

ሪከርድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አግቢው ነው። እስቲ ዛሬ ከሌላኛው ወገን፣ ጎል ከገባበት ወገን ሆነን እንየው። ያን ቀን አምስት ጎል እንዲገባ ያደረገው ምንድን ነው? የአንድ ሰው ጉብዝና? የእኛ ድክመት? ወይስ ከሁለቱም ውጪ የሆነ ነገር አለ?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በፈረንጅ ዓመት ስለሚታወቁ እዚህም በዚያው እንቆጥራለን፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን። ይህን ካላስተዋልን «1962» የሚለው ቁጥር ያደናግረናል። በፈረንጆቹ 1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች፤ በራሳችን 1962 ዓ.ም. ደግሞ ከአንድ ሰው አምስት ጎል ቀመሰች።

ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ

ታሪኩን ከመተማ ብንጀምር ይቀለናል። መተማ ዮሐንስ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ልክ ሱዳን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ እዚህ ሲደርስ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ይገባል፤ ከዚያም በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም ይዘልቃል። ካርታ ላይ ብትለኩት መተማ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለካርቱም ትቀርባለች።

ይህች ከተማ ታሪክ ለሚማር ሰው አንድ ጥሩ ትምህርት አላት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳን መሐዲስቶች (በእኛ አጠራር ከድርቡሾች) ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚህ ነው። ያንን ውጊያ እኛ «የመተማ ጦርነት» እንለዋለን፤ በብዙ የውጭ መጻሕፍት ግን «የጋላባት ጦርነት» ተብሎ ነው የሚገኘው። ቀኑ አንድ፣ ሜዳው አንድ፣ የሞቱት ሰዎችም እነዚያው ናቸው። ስሙ ግን ድልድዩን ሲሻገር ይለወጣል።

1970ም እንደዚያው ነው። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ያ ዓመት የደስታ ዓመት ነው። ሱዳን ውድድሩን አዘጋጀች፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ካርቱም ላይ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እስከ ዛሬም ያነሳችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ያ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ግን ያው ውድድር ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ አሥራ ሁለት የገቡብን ጎሎች ማለት ነው። አቢጃን ላይ ቆሞ ለሚያየው ደግሞ የፖኩ ዓመት ነው። ስለዚህ «በ1970 ምን ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ የቆምንበትን ቦታ ይዞ ይመጣል።

ደካማ ቡድን ነበርን?

አምስት ጎል በአንድ ሰው የገባበት ቡድን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «በጣም ደካማ ቢሆን ነው» የሚል ነው። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ከጀመሩት አገሮች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ውድድር በ1957 የተካሄደው እዚያው ካርቱም ነው። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ስለወጣች ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ፍጻሜውን ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው «አድ ዲባ» በሚል ስም የሚታወቀው ግብፃዊ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አራት ጎል ያገባ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም። እንግዲህ አስቡት፦ የፍጻሜው ሪከርድም የአንድ ጨዋታው ሪከርድም የተመዘገቡት ካርቱም ላይ፣ በኢትዮጵያ ላይ ነው።

ግን ከ1957 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያ በፍጻሜው የያኔዋን ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። እነ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና ግርማ ተክሌ በፍጻሜው ጎል ያገቡት ያኔ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አራት ያገባችብን ግብፅ አሁን አራት ገባባት።

በ1968ም ውድድሩ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ግጥሚያዎቹ በአዲስ አበባና በአስመራ ተደረጉ። ኢትዮጵያ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎቿን አሸነፈች። ከተሸነፉት አንዷ ማን ነበረች? ኮትዲቯር፤ 1 ለ 0። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈች። በደረጃ ጨዋታው እንደገና ከኮትዲቯር ጋር ተገናኝታ 1 ለ 0 ተረታችና አራተኛ ሆና ጨረሰች። በዚያ ውድድር በስድስት ጎል ኮከብ ጎል አግቢ የሆነው የ20 ዓመቱ ወጣት ሎራን ፖኩ ነው። አገሩ በግማሽ ፍጻሜው ከጋና ጋር 4 ለ 3 የተሸነፈችው አስመራ ላይ ነበር፤ ፖኩም ከዚያ በኋላ «የአስመራው ሰው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች በደንብ ይተዋወቁ ነበር። በ1968 ሁለት ጊዜ ተጋጥመው አንዳንድ ጊዜ ተሸናነፉ፤ ሁለቱም በአንድ ጎል ልዩነት። ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ወደ አምስት ያደገው ለምንድን ነው?

ከፍታው ነው?

አንዱ መላ ምት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ካርቱም 380 ሜትር አካባቢ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። የቆላ ልጅ ደጋ ወጥቶ ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ይህ በእግር ኳስ ውጤት ላይ ይታያል? በ2007 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በደቡብ አሜሪካ ከ100 ዓመት በላይ የተደረጉ 1,460 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎችን መርምሮ ነበር። ውጤቱ፦ በሁለቱ ቡድኖች አገር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፍታ ላይ ያለው ባለ ሜዳ ግማሽ ጎል ያህል ተጨማሪ ብልጫ ያገኛል።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስላል። በ1962 እና በ1968 አገራችን ላይ ድል በድል ሆንን። ወጣ ስንል ግን በ1959 ካይሮ ላይ በግብፅ 4 ለ 0፣ በ1965 ቱኒዚያ ላይ በባለ ሜዳዋ 4 ለ 0 እና በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፍን። በ1963 ጋና ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ማሸነፋችን እንደ ልዩ ሁኔታ የሚታይ ነው።

ግን እኮ መላ ምት መፈተን አለበት። የአዲስ አበባና የካርቱም ልዩነት ወደ 2,000 ሜትር ነው። በጥናቱ ስሌት ከሄድን ካርቱም ስንወርድ የምናጣው የከፍታ ጥቅም አንድ ጎል ገደማ ነው። እኛ ደግሞ የምንፈልገው የአምስት ጎል ልዩነት ማብራሪያ ነው። በዚያ ላይ ኮትዲቯር በ1968 እዚያው ከፍታው ላይ፣ አዲስ አበባ መጥታ አሸንፋናለች። ከፍታው ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጎል የሚቆጠርበት ቀን

አሁን ሰንጠረዡን እናውጣ። በምድቡ አራት አገሮች ነበሩ፦ ሱዳን፣ ካሜሩን፣ ኮትዲቯርና ኢትዮጵያ። ሁለቱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ። ያን ጊዜ ለድል የሚሰጠው እንደ ዛሬው ሦስት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሱዳን ኢትዮጵያን 3 ለ 0፣ ካሜሩን ኮትዲቯርን 3 ለ 2 አሸነፉ። በሁለተኛው ኮትዲቯር ሱዳንን 1 ለ 0፣ ካሜሩን ኢትዮጵያን 3 ለ 2 ረቱ። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር፦

ካሜሩን፦ 4 ነጥብ፣ 6 አግብታ 4 ገብቶባታል
ሱዳን፦ 2 ነጥብ፣ 3 አግብታ 1 ገብቶባታል
ኮትዲቯር፦ 2 ነጥብ፣ 3 አግብታ 3 ገብቶባታል
ኢትዮጵያ፦ 0 ነጥብ፣ 2 አግብታ 6 ገብቶባታል

በእነሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። ኮትዲቯር ካሸነፈች 4 ነጥብ ይኖራታል። ግን በሌላው ጨዋታ ሱዳን ካሜሩንን ካሸነፈች ሦስት አገሮች በእኩል 4 ነጥብ ይጨርሳሉ፤ ያኔ የሚለያቸው የግብ ክፍያ ነው። ኮትዲቯር ኢትዮጵያን በአንድ ጎል ብቻ ብታሸንፍ ልትወድቅ ትችላለች። ለእሷ ያን ቀን እያንዳንዱ ጎል ዋጋ ነበረው፤ ሁለት ለባዶ መርቶ ኳስ መደበቅ አያዋጣም።

ኢትዮጵያስ? የማለፍ ተስፋዋ በክር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ኮትዲቯርን በሰፊ ልዩነት ማሸነፍ፣ በዚያ ላይ ካሜሩን ሱዳንን በሰፊው እንድታሸንፍላት መመኘት ነበረባት። እንዲህ ያለ ቡድን አንድ ምርጫ ብቻ አለው፤ ወደ ፊት መሄድ። ወደ ፊት የሄደ ቡድን ደግሞ ከኋላው ሜዳ ይለቃል። ከፊት ለፊቱ ያለው አጥቂ ሎራን ፖኩ ሲሆን የተለቀቀ ሜዳ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም።

የሆነውም እንደተፈራው ነው። ሱዳን ካሜሩንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሦስቱ አገሮች በ4 ነጥብ እኩል ሆኑ። ኮትዲቯር 9 አግብታ 4 ተቆጥሮባት፣ ሱዳን 5 አግብታ 2 ተቆጥሮባት አለፉ። ካሜሩን 7 አግብታ 6 ተቆጥሮባት፣ ከሦስት ሁለት ጨዋታ አሸንፋ ወደ አገሯ ተመለሰች። በስድስቱ የምድቡ ጨዋታዎች በጠቅላላ 24 ጎል ተቆጠረ፤ በአማካይ በጨዋታ አራት። ግማሹ፣ አሥራ ሁለቱ፣ የእኛ መረብ ውስጥ ነበር።

ትንሽ ሒሳብ

«ሁኔታው አግዞታል» ማለት የፖኩን ጉብዝና ማሳነስ አይደለም። ሒሳቡ ራሱ ይህን ያሳየናል።

ጎል በጨዋታ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ክስተት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል የሚያሰላ ቀመር አለ፤ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በሲሜዮን ዴኒ ፖይሶን ስም ይጠራል። እሱ በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነበር ያቀረበው። ዛሬ የእግር ኳስ ተንታኞችም ይጠቀሙበታል።

አንድ አጥቂ በአማካይ በሁለት ጨዋታ አንድ ጎል ያገባል እንበል፤ ጥሩ አጥቂ ነው። በቀመሩ መሠረት በአንድ ጨዋታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የማግባት ዕድሉ ከ5,800 ጨዋታ በአንዱ ነው። ዕድሜ ልኩን ቢጫወት አይደርስበትም። አማካዩ በጨዋታ አንድ ጎል ቢሆን ከ270 ጨዋታ በአንዱ ይሆናል። አሁን ደግሞ ያው ሰው፣ ተጋጣሚው ሜዳ ለቆለት፣ ቡድኑም ጎል ፈልጎ ሳያቋርጥ ኳስ እያቀበለው፣ ለዚያ አንድ ቀን አማካዩ ወደ ሁለት ከፍ አለ እንበል። ዕድሉ ከ19 አንድ ይሆናል!

አያችሁት? አማካዩ ከአንድ ወደ ሁለት፣ እጥፍ ብቻ ሲያድግ፣ አምስት ጎል የማግባት ዕድሉ 14 ጊዜ ያህል ተባዛ። ትንሽ የሁኔታ ለውጥ ብርቅ ነገሮችን በብዙ እጥፍ ያቀርባቸዋል። ነገር ግን ከታች የሚነሳው ሰው ራሱ ጎበዝ መሆን አለበት፤ ከ5,800 አንድ ላይ ያለውን ሰው ምቹ ቀን ብቻውን አያነሳውም። ፖኩ በ1970 በጠቅላላ ስምንት ጎል አግብቶ እንደገና ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በሁለቱ ውድድሮች ያስቆጠራቸው 14 ጎሎች ሳሙኤል ኤቶ በ2008 እስኪያልፈው ድረስ የአፍሪካ ዋንጫ ሪከርድ ነበሩ። ችሎታው አስተማማኝ ነው፤ አምስቱን በአንድ ቀን የሰበሰበለት ግን ቀኑ ነው።

ሌላም ቦታ እንዲሁ

ይህ የካርቱም ብቻ ታሪክ ከሆነ መላ ምታችን ደካማ ነው። እንግዲህ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

በዓለም ዋንጫ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ያገባ ሰውም አንድ ብቻ ነው፤ ሩሲያዊው ኦሌግ ሳሌንኮ፣ በ1994 አሜሪካ ላይ። ውጤቱ ስንት ነበር? 6 ለ 1! የተሸነፈችው ካሜሩን ናት። ያም የምድቡ ሦስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ሩሲያ ሁለቱን ተሸንፋ ስለነበር የቀራት ተስፋ ብዙ ጎል ማግባት ብቻ ነበር፤ ካሜሩንም ከአንድ ነጥብ በላይ አልነበራትም። ጎል የግድ የሚያስፈልገው ቡድን፣ ብዙም የሚያጣው ነገር የሌለው ተጋጣሚ፣ በመሐሉ አንድ ጎል አነፍናፊ። ልክ እንደ ካርቱሙ። ሩሲያ ግን አምስቱም ጎል አላዳናትም፤ ከምድቡ ሳታልፍ ቀረች።

የብሔራዊ ቡድኖች ሪከርድ ደግሞ የአውስትራሊያው አርቺ ቶምፕሰን ነው፤ በ2001 አሜሪካን ሳሞአ ላይ 13 ጎል፣ ጠቅላላ ውጤቱ 31 ለ 0። የአሜሪካን ሳሞአ ቡድን በፓስፖርት ጉዳይ ዋና ተጫዋቾቹን ከበረኛው በቀር ማሰለፍ አልቻለም፤ ልጆች ይዞ ነው የገባው። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ደካሞቹ ቡድኖች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው የሚጣሩበት የማጣሪያ ዙር ተዘጋጀ። ሪከርዱ የተመዘገበው በአንድ ሰው ስም ቢሆንም የተናገረው ስለ ውድድሩ አሠራር ነበር።

ሦስቱንም ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የጋራ ነገራቸው ይታያል። የአንድ ጨዋታ የጎል ሪከርድ የአንድ ሰው ችሎታ ልኬት ብቻ አይደለም። የሁለት ቡድኖች ሁኔታ፣ የውድድሩ ደንብና የዚያ ቀን ሰንጠረዥ አብረው የጻፉት ነው። ሎራን ፖኩ በ2016 ሲያርፍ ስሙ ከአምስቱ ጎሎች ጋር ተነሳ፤ ይገባዋልም። የዚያ ቀን የኢትዮጵያ በረኛና ተከላካዮችም ግን የዚሁ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። ሁለት ጊዜ ተሸንፈው፣ ያቺን ቀጭን ተስፋ ይዘው ሜዳ የገቡ ሰዎች ናቸውና።

እንደገና አምስት

ኢትዮጵያ ከ1982 በኋላ ለረጅም ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። በ2012 መጨረሻው ማጣሪያ ላይ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስትመራ ከፊቷ የቆመችው ማን ነበረች? ከመተማ ድልድይ ማዶ ያለችው ሱዳን።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 8 ቀን ሱዳን ላይ ተደረገ። እንደገና አምስት ጎል ገባብን። ግን በዚህኛው ጊዜ ዋልያዎቹ ሦስት አግብተው ነበር፤ 5 ለ 3። ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው ሌላ የሱዳን ሽንፈት ነው። ደንቡን ላነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ድምር ውጤት እኩል ከሆነ ከሜዳ ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋል። ኦክቶበር 14 ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ።

ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሷት ከሜዳ ውጪ፣ በአምስት ጎል መሐል የገቡት እነዚያ ሦስት ጎሎች ናቸው።